አጥር ያልጠበቃት ቢራቢሮ

ሰው አንድን ነገር ለመጠበቅ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያስበው አጥርን ነው። ቤቱን ያጥራል፣ ማሳውን ያጥራል፣ የሙታኑን መቃብር ያጥራል። አጥሩ ከቆመ በኋላ እፎይ ይላል፤ አደራውን የተወጣ ይመስለዋል። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ጥያቄ ይህንኑ እፎይታ የሚመለከት ነው። ለመሆኑ አንድን ፍጡር ከሰው እጅ አርቆ ማስቀመጥና እርሱን መጠበቅ አንድ ናቸውን? በመልካም ኒያ በታጠረ አጥር ውስጥ የተጠባቂው ዘር ቢያልቅ ተጠያቂው ማን ነው?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል ከአንድ እውነተኛ ታሪክ እነሣለሁ። የታሪኩ አገር እንግሊዝ ነው፤ ባለታሪኳም አንዲት ቢራቢሮ ናት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በደቡብ እንግሊዝ ኮረብታዎች ላይ «ትልቋ ሰማያዊ» እየተባለች የምትጠራ ቢራቢሮ ነበረች። ስሟ ትልቅ ይበላት እንጂ ክንፎቿ ሲዘረጉ ከአምስት ሳንቲ ሜትር ብዙም አይርቁም። ሰማያዊ መልኳ ላይ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉባት። በ19ኛው መቶ ዘመን ቢራቢሮ መሰብሰብ በእንግሊዝ የተማሩና ባለ ጊዜ ሰዎች ትርፍ ሥራ ነበር። ቄሱም፣ ሐኪሙም፣ መኰንኑም መረብ ይዞ ይወጣል፤ የያዛትን በመርፌ ወግቶ በመሳቢያ ያስቀምጣል። ትልቋ ሰማያዊ ደግሞ እምብዛም የማትገኝ ስለነበረች ሰብሳቢው ሁሉ ይመኛታል። ቁጥሯ እየቀነሰ ሲሄድ ታዲያ ተፈጥሮ ወዳዶች ጥፋተኛውን ለመለየት አልተቸገሩም። ጥፋተኛው መረብ ይዞ በአደባባይ ይታይ ነበርና።

ስለዚህ ቢራቢሮዋ ከምትገኝባቸው ስፍራዎች አንዳንዶቹ ታጠሩ፤ ጥብቅ ስፍራም ተባሉ። አጥሩ ሰብሳቢውን አስቀረ። አብሮም በጉንና ላሙን አስቀረ። ሣሩ አደገ፤ መስኩ አማረ። ቢራቢሮዋ ግን በአጥሩ ውስጥ ማለቋን አላቆመችም።

ለምን? መልሱን ለመረዳት አኗኗሯን ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ስለ ነፍሳት ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ የደነቀኝ የለምና አንባቢ ትንሽ ይታገሠኝ።

ትልቋ ሰማያዊ እንቁላሏን የምትጥለው በጦስኝ እንቡጥ ላይ ነው። የእንግሊዙ ጦስኝ እኛ ሻይ ላይ ጣል የምናደርገው የደጋ ጦስኝ የቅርብ ዘመድ ነው። ከእንቁላሉ የሚወጣው አባጨጓሬ ሦስት ሳምንት ያህል የጦስኙን አበባ እየበላ ይቆያል። ከዚያ በኋላ አመሻሽ ላይ ራሱን ከአበባው ላይ ጥሎ መሬት ይወርዳል። በዚያን ጊዜ ክብደቱ ወደፊት ከሚደርስበት ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ከእንግዲህ ቅጠል አይበላም። ዝም ብሎ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ቀይ ጉንዳን ነው።

ጉንዳኗ ስታገኘው ከጀርባው የሚወጣውን ጣፋጭ ጠብታ ትልሳለች። ሽታው የራሷን እጭ ሽታ ስለሚመስላት ከቤት የወጣ ልጇ ይመስላታል፤ በአፏ አንጠልጥላ ወደ ጉድጓዷ ታስገባዋለች። እንግዳው ውለታ ቢስ ነው። ወደ አሥር ወር ገደማ በዚያ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የአሳዳጊዎቹን ልጆች ይበላል። በሰኔ ወር ቢራቢሮ ሆኖ ጉንዳኖቹ በሚወጡበት በር ይወጣል፤ ክንፉን ያደርቅና ይበራል። ሱብሓነላህ! በኮረብታ ላይ ለጥቂት ቀናት የምትታይ አንዲት ሰማያዊ ክንፍ ለመኖር አበባ፣ ጉንዳንና አፈር ሦስቱም በአንድ ላይ መገጣጠም አለባቸው።

ጉንዳኖች አባጨጓሬውን እንደሚያሳድጉ ከ1910ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ነገር ግን ቀይ ጉንዳን ሁሉ ያሳድገዋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ1972 ጀረሚ ቶማስ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ በቀረችው የመጨረሻ መኖሪያዋ አጠገብ ሰፍረው አባጨጓሬዎቹን አንድ በአንድ መከታተል ጀመሩ። እንቁላል ቆጠሩ፣ ጉድጓድ ፈተሹ፣ የሣር ቁመት ለኩ። ያገኙት ነገር ይህ ነው። ቀይ ጉንዳን የሚባለው አንድ ዓይነት አይደለም። አባጨጓሬው በደንብ የሚያድገው ከእነርሱ በአንደኛው ዓይነት ቤት ብቻ ነው። ያ ዓይነት ጉንዳን ሙቀት ይወዳል፤ ፀሐይ አፈሩን እንድትመታለት ሣሩ እስከ ሥሩ የተጋጠ መሆን አለበት። ሣሩ ከሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲያልፍ አፈሩ በጥላ ተሸፍኖ በሁለትና በሦስት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ትክክለኛው ጉንዳን ይለቅና ሌላው ዘመዱ ቤቱን ይወርሳል። አባጨጓሬውም እንደ ወትሮው ከጦስኙ ላይ ወርዶ ይጠብቃል፤ የሚወስደው ጉንዳን ግን የተሳሳተው ይሆናል። አብዛኛውም በዚያ ቤት ይሞታል።

ሣሩን አጭር አድርገው ያኖሩት የገበሬው በግና ላም፣ እንዲሁም የዱር ጥንቸሎች ነበሩ። ገደላማውን ኮረብታ ማስጋጥ ትርፍ የለውም ብለው ገበሬዎች እየተዉት ሄዱ። በ1953 ደግሞ ማይክሶማቶሲስ የሚባል የጥንቸል በሽታ ብሪታንያ ገባና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ 99 ያህሉን ጥንቸል ፈጀ። የቀረውን ሥራ አጥሩ ጨረሰው። ተመራማሪው ምሥጢሩን ሲደርሱበት የቀሩት ቢራቢሮዎች በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ነበር፤ የ1975ና የ1976 ድርቅም ጎዳቸው። በ1979 ትልቋ ሰማያዊ ከብሪታንያ ምድር ጠፋች። መድኃኒቱ የተገኘው በሽተኛዋ በምታጣጥርበት ሰዓት ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አጥሩን ያጠሩት ሰዎች ጥፋተኞች ናቸውን?

ሥራ በኒያ እንደሚመዘን ከልጅነታችን የተማርነው ነገር ነው። የእነዚህ ሰዎች ኒያ ደግሞ መልካም ነበር። ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን ያወጡት ለራሳቸው ጥቅም አልነበረም። ዳኛ መርምሮ ፈርዶ ቢሳሳት አንድ አጅር፣ ትክክሉን ቢያገኝ ሁለት አጅር እንዳለው ዑለማዎቻችን ያስተምሩናል። ብዙ ሰው ይህን ይዞ «እንግዲያውስ ምንም የለባቸው» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። እኔ ግን «መርምሮ» የምትለዋ ቃል ላይ ትንሽ ልቁም። ዳኛው ቢሳሳትም አጅር የሚያገኘው አቅሙ የፈቀደውን ያህል ስለመረመረ ነው። ሳይመረምር የፈረደ ዳኛ፣ ልቡ ምንም ቢቀና፣ ከዚያ ቃል ኪዳን ውስጥ አይገባም። የቢራቢሮዋ ወዳጆችስ መርምረዋልን? ሰብሳቢው መረብ ይዞ ስለታየ ብቻ በእርሱ ላይ ፈረዱ። በጉ ምን እንደሚሠራ፣ ሣሩ ሲያድግ ከሥሩ ምን እንደሚለወጥ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። የዚህ ዓይነቱ ስሕተት በብዙ ጉዳያችን ላይ አለ። ጥፋት በደረሰ ቁጥር መልክና ስም ያለው ጥፋተኛ እንፈልጋለን። የሣር ማደግ ደግሞ መልክም ስምም የለውም፤ ፖሊስ አይይዘውም፤ አጥር አያግደውም።

በዚህ ላይ ሳስብ ዘወትር ትዝ የሚለኝ የነቢዩላህ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ነው። በቁርኣን ውስጥ በጉንዳን ስም የተጠራ ሙሉ ምዕራፍ እንዳለ አንባቢ ያውቃል። ሠራዊቱ ወደ ጉንዳኖች ሸለቆ ሲደርስ አንዲት ጉንዳን ወገኖቿን ወደየቤታቸው እንዲገቡ ታስጠነቅቃለች። ፍርሃቷ ምን ነበር? ሱለይማንና ሠራዊቱ ክፉ ናቸው አላለችም። ሳያውቁ እንዳይረግጧቸው ነው የፈራችው። ነቢይና ጻድቅ ንጉሥ የሚመራው ሠራዊት እንኳ፣ ልቡ ንጹሕ ቢሆንም፣ እግሩ ሥር ያለውን ካላየ ሊጨፈልቅ ይችላል። ሱለይማንም (ዐ.ሰ.) ንግግሯን ሲሰሙ አልተቆጡም፤ ፈገግ ብለው ጌታቸውን አመሰገኑ። እኔ እንደምረዳው በዚያ ስፍራ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ሥልጣን ነው፤ ሁለተኛው የትንሿን ፍጡር ድምፅ መስማት ነው። እኛ ዛሬ በምድር ላይ ሠራዊት የሚያክል አቅም አለን። ከሱለይማን የወረስነው ሠራዊቱን ብቻ ከሆነ፣ ጆሮውን ከየት እናምጣ?

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። በ1930ዎቹ ወይም በ1950ዎቹ አጥር ያጠረ ሰው ዕውቀቱ ገና ስላልነበረ ይቅር ሊባል ይችላል። ቢሆንም ይቅርታ ተደረገለት ማለት አደራውን ተወጣ ማለት አይደለም። ዕውቀቱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ «ቀና ልብ ነበረኝ» የሚለው ቃል ዋጋው ይወርዳል። አንድ ሰው የወላጅ አልባ ሕፃን ንብረት አደራ ተቀብሎ በሣጥን ቆልፎበት ብሉ ቢበላው፣ ቁልፉን አሳይቶ ነፃ የሚወጣ አይመስለኝም።

ታሪኩ በ1979 አላበቃም። የቶማስ ጥናት በእጅ ስለነበረ በ1983 ከስዊድን የመጡ የዚያችው ቢራቢሮ ዝርያዎች ወደ እንግሊዝ ገቡ። በዚህ ጊዜ ግን አስቀድሞ የተዘጋጀው መስኩ ነው። ቁጥቋጦው ተመነጠረ፤ ከብቱና ፈረሱ በወቅት በወቅቱ እንዲገባ ተደረገ፤ የሣሩ ቁመትና የጉንዳኑ ዓይነት በየጊዜው ተለካ። በ2022 በጋ የበረሩት 20,000 ገደማ ተገምተዋል፤ በ150 ዓመታት ውስጥ እንደዚያ የበዙበት ዓመት አልነበረም ተብሏል። አጥሩ ዛሬም በብዙ ቦታ አለ። ልዩነቱ አሁን በር አለው፤ በሩን መቼ እንደሚከፍትና መቼ እንደሚዘጋ የሚያውቅ ሰውም አለው።

ይህን ጽሑፍ በማዘጋጅበት ሰሞን ያጫወትኩት አንድ ወዳጄ «ሰው የሚበላው አጥቶ አንተ ስለ ቢራቢሮ ትጨነቃለህ?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በፌዝ የሚታለፍ አይደለም። እኔም ከተራበ ሕፃንና ከቢራቢሮ ምረጥ ቢሉኝ ለመምረጥ አንዲት ደቂቃ አልፈጅም። ግን ማን ነው እንዲህ ያለ ምርጫ ያቀረበልን? የእንግሊዟ ቢራቢሮ የሞተችው ሰው ዳቦ ስለበላ አልነበረም። በዓለም ላይ ነፍሳትን የሚያጠፋውም ብዙውን ጊዜ የድሃው ማሳ አይደለም። አንዳንዶች ነፍሳት አበባ ስለሚያዳቅሉና ለወፍ ምግብ ስለሚሆኑ ይጠበቁ ይላሉ። እውነት ነው፤ ፍራፍሬያችንና ማራችን ያለ እነርሱ የለም። ሆኖም ይህ መከራከሪያ ብቻውን አያረካኝም። ፍጡርን ለጥቅሙ ሲል ብቻ የሚጠብቅ ሰው ጥቅሙ ባለቀ ዕለት ይተወዋል። ትልቋ ሰማያዊ ለእንግሊዝ ኢኮኖሚ ምንም አልጨመረችም። አላህ (ሱ.ወ.) የፈጠረውን በከንቱ አልፈጠረውም ብሎ የሚያምን ሰው ግን ለእርሱ ጥቅም ያልሰጠውን ሁሉ ትርፍ ነው ሊል አይችልም።

ይህ ሁሉ ስለ ዕውቀት ማጣት ነው። ዕውቀት እያለስ የሚደርስ ጥፋት? ለዚህ ጀርመንን እንመልከት።

ክሬፌልድ በምትባል የጀርመን ከተማ ነፍሳትን የሚያጠኑ ሰዎች ማኅበር አለ፤ አብዛኞቹ አባላቱ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ናቸው። ከ1989 ጀምሮ በ63 ጥብቅ ስፍራዎች ውስጥ ድንኳን የመሰለ ወጥመድ እየተከሉ የሚበርሩ ነፍሳትን ሰበሰቡ፤ መዘኑም። ውጤቱ በ2017 ታተመ። በ27 ዓመታት ውስጥ የነፍሳቱ ጠቅላላ ክብደት ከመቶ 76 እጅ ቀንሷል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ የሆነው በከተማ መሐል ወይም በእርሻ ላይ አይደለም። ሕግ በሚጠብቃቸው ስፍራዎች ውስጥ ነው። አጥሩ አለ፣ ሕጉ አለ፣ ጠባቂው አለ፤ ነፍሳቱ ግን የሉም። ጥናቱ ራሱ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብሎ አልደመደመም። ነገር ግን ጥብቅ ስፍራዎቹ አብዛኞቹ በእርሻ የተከበቡ ደሴቶች ናቸው። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በ21 የጀርመን ጥብቅ ስፍራዎች ውስጥ የተያዙ ነፍሳትን መርምሮ 47 ዓይነት የፀረ ተባይና የፀረ አረም ኬሚካል አገኘባቸው። በአንድ ናሙና ላይ በአማካይ ከ16 በላይ ዓይነት ኬሚካል ነበር። ነፍሳቱ ድንበሩን አያውቁም፤ ነፋሱም አያውቅም።

እዚህ ላይ የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ይከብዳል። ከጥብቅ ስፍራው ውጭ ያለው ገበሬ የሚረጨው በራሱ መሬት፣ ሕግ የፈቀደለትን ኬሚካል ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢረጭ ምናልባት ምንም ባልሆነ ነበር። ሁሉም ትንሽ ትንሽ አደረገ፤ ድምሩ እልቂት ሆነ። ለዚህ ዓይነት ጥፋት የለመድነው ፍርድ የለንም። ጎረቤትን መጉዳት ሐራም መሆኑን እናውቃለን፤ ግን እያንዳንዱ ጎረቤት የጣለው አንድ ጠብታ ሲሆንና ጠብታዎቹ ተደምረው ጎርፍ ሲሆኑ ማንን እንከስሳለን?

የእሳት እራትም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ቋንቋችን ለዚህች የሌሊት በራሪ የሰጣት ስም እንዴት ያለ ነው! የእሳት እራት፤ እሳት በማታ የሚበላት ማለት ነው። በቁርኣንም የቂያማ ቀን ሰዎች የሚመሰሉት በተበተኑ የእሳት እራቶች ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸውን እሳት ውስጥ የሚወድቁ ነፍሳትን እንደሚከላከል ሰው አድርገው መስለዋል። ድሮ የእሳት እራትን የሚበላት የአንድ ቤት ኩራዝ ነበር። ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ የሚያበራው የመንገድ መብራት ነው። በ2021 በእንግሊዝ የወጣ ጥናት መብራት ባለባቸው የመንገድ ዳር ቁጥቋጦዎች ውስጥ ያለው አባጨጓሬ ቁጥር መብራት ከሌለባቸው በ47 በመቶ፣ በሣሩ ላይ ደግሞ በ33 በመቶ አንሶ እንደተገኘ ገልጿል። ነጩ የኤልኢዲ መብራት ከቀድሞው ቢጫ መብራት የባሰ ሆኖ ተገኝቷል። ኤልኢዲ የተመረጠው ኤሌክትሪክ ስለሚቆጥብ፣ ማለትም ለተፈጥሮ ሲባል ጭምር ነው። ይኸው እንደገና መልካም ኒያ! መንገድ ጨልሞ ሴት ልጅ በፍርሃት ትሂድ የሚል የለም፤ እኔም አልልም። ግን ማንም የማያልፍበትን የደን ዳር እስከ ንጋት ማብራት ለማን የሚጠቅም እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል።

አሁን ደግሞ አጥሩ በሰው ላይ የሚጥለውን ሸክም እንይ። ሜክሲኮ ውስጥ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ባሉ ተራሮች ላይ ሞናርክ የሚባሉ ብርቱካንማ ቢራቢሮዎች ከካናዳና ከአሜሪካ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርረው መጥተው ይከርማሉ። ዛፉ ከብዛታቸው የተነሣ ቅርንጫፉ ይጎብጣል። ሳይንቲስቶች ቦታውን ያወቁት በ1975 ነው፤ የመንደሩ ሰዎች ግን ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ደኑ የእነዚሁ የመንደር ገበሬዎችና የአገሬው ጎሳዎች የጋራ ንብረት ነው። በ1986 መንግሥት ጥብቅ ስፍራ አድርጎ አወጀው፤ እንጨት መቁረጥም ተከለከለ። ያጡትን ገቢ የሚተካ በቂ ነገር ግን አልተሰጣቸውም። ቅሬታው በዛ፣ ሕገ ወጥ ቆረጣውም ቀጠለ። በ2000 ስፍራው ከ56,000 ሄክታር በላይ ሆኖ ሲሰፋ ነው መቁረጣቸውን ለተዉ መንደሮች የሚከፍል ልዩ ገንዘብ የተቋቋመው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ሌላው ጥፋት የተፈጸመው በዚያ ተራራ አጠገብ አልነበረም። የሞናርክ አባጨጓሬ የሚበላው ሲቆረጥ ወተት የመሰለ ፈሳሽ የሚያወጣ አንድ የአረም ዘር ብቻ ነው። አረሙ በአሜሪካ የበቆሎና የአኩሪ አተር እርሻዎች መሐል ይበቅል ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፀረ አረም የማይገድለው የአኩሪ አተርና የበቆሎ ዘር ወጣ። ገበሬው እርሻውን በሙሉ መርጨት ቻለ፤ አረሙም ከማሳው ጠፋ። ለቢራቢሮዋ መመናመን ከሚጠቀሱት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በ1996/97 ክረምት ሞናርኮች የሸፈኑት የደን ስፋት 18 ሄክታር ገደማ ነበር። በ2013/14 ወደ 0.67 ሄክታር ወረደ። በ2024/25 ደግሞ 1.79 ሄክታር ሆኖ ተለካ። የሜክሲኮው ድሃ አንድ ዛፍ ቢቆርጥ ዘበኛ ይይዘዋል። ሰፊ እርሻ ያለው ሀብታም ግን ሙሉ ማሳ ሲረጭ «ምርታማ» ይባላል። ይህ ሚዛን ፍትሕ አለውን?

እዚህ ላይ ከእኛው ታሪክ አንድ ነገር ማንሣት ተገቢ ይመስለኛል። በጃሂሊያ ዘመን ኃያል የሆነ የጎሳ አለቃ ውሻውን ከፍ ያለ ቦታ አውጥቶ ያስጮህ ነበር ይባላል። ጩኸቱ እስከ ተሰማበት ድረስ ያለው ግጦሽ የእርሱ ሒማ፣ ማለትም ክልክል መሬት ይሆናል፤ ሌላው ሰው አይደርስበትም። ኢስላም ይህን አስቀረና ሒማን ለሕዝብ ጥቅም ብቻ አደረገው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና አቅራቢያ አን-ነቂዕን ለጂሃድ ፈረሶች ከለሉ። በኋላ ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ሁነይ የሚባል ሰው በሒማ ላይ ሲሾሙ የሰጡት መመሪያ በቡኻሪ ተዘግቧል። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍንና የዑስማን ኢብን ዐፋንን መንጋ ግን እንዳያስገባ አዘዙት። እነዚህ ሁለቱ ከታላላቅ ሰሓቦች መሆናቸውን አንባቢ አይዘነጋም። ምክንያታቸውንም ገለጹ፤ የሀብታሞቹ ከብት ቢያልቅ የተምር ዛፍና እርሻ አላቸው፤ የድሃው ካለቀ ግን ልጆቹን ይዞ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት መምጣቱ ነው።

ይህን ዘገባ ባነበብኩት ቁጥር የሚደንቀኝ ሁነይ የተጣለበት ሥራ ነው። ማንንም አታስገባ ቢባል ሥራው ቀላል በሆነ ነበር። ሁሉም ይግባ ቢባልም እንዲሁ። እርሱ ግን መንጋውን ከነባለቤቱ መለየት፣ የድሃውን ጉዳት መመዘን፣ ለታላቅ ሰው በሩን መዝጋት ነበረበት። አጥር ይህን አይችልም። ሕግም ቢሆን በሩ ላይ የቆመ አስተዋይ ሰው ከሌለው አይችልም።

በአገራችንም የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያ ደጋ ጦስኝ ይበቅላል፤ ከብቱን ከወቅት ወቅት ከቆላ ደጋ እያዘዋወረ የሚያሰማራ ሕዝብም ይኖራል፤ በሐረና ደን ውስጥ ቡና የሚለቅምና ቀፎ የሚሰቅል ሰው አለ። ስለዚያ ስፍራ ከተማ ተቀምጠን ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምሰማው ሁለት ወገን ነው። አንደኛው «ሰውና ከብት ይውጣ» ይላል። ሁለተኛው «ከድሮም የነበሩበት ነው፤ ማንም አይንካቸው» ይላል። ከላይ የተረኩትን የእንግሊዝ ታሪክ ለሁለተኛው ወገን ማስረጃ ለማድረግ የሚሞክር ሰው ቢኖር አልስማማም። የእንግሊዙ ኮረብታ ላምን ፈለገ ማለት የሳነቴ አምባ ላምን ይፈልጋል ማለት አይደለም። እንዲያውም በባሌ የከብቱ መብዛት ቀይ ቀበሮ የሚመገባቸውን አይጦችና ፍልፈሎች መኖ እንደሚያሳጣ የሚያሳስቡ ባለሙያዎች አሉ። ለመጀመሪያው ወገን ደግሞ የምለው ይህ ነው። ከማስወጣታችሁ በፊት በየትኛው ወር የትኛው ሜዳ ምን ያህል እንደሚጋጥ በመለኪያ ይያዝ። ከብቱ በቆመበት ሜዳና ባልቆመበት ሜዳ መካከል ያለው ልዩነት ለዓመታት ይታይ። እረኛውም ይጠየቅ፤ ሣሩን ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነውና። የሚወጣ ካለም በመጀመሪያ መቶ ከብት ያለው ይውጣ፤ ሁለት ላም ያላት ባልቴት በመጨረሻ።